የጭቃው ሙዝየምና አሮጌው ክፍላችን

(በትምህርት ቤታችን 50ኛ ዓመት በዓል ላይ በሥነ ጥበብ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



 እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ወደ አዲስ አበባ ያደረግነው ጉብኝት» የሚል ነው። ነገር ግን ስለ ጉዞው ሁሉ እንናገር ብንል ጊዜው አይበቃንም፤ የመርካቶንም ነገር ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ስለ አንድ ቦታ ብቻ፥ ያውም በጭቃ ስለ ተሠራ ቦታ፥ እንናገራለን። ንግግራችን ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ከወላጆቻችንና ከመምህራኖቻችን የምንለምነው አንድ ነገር አለንና እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት እንድትሰሙን እንጠይቃለን።

ጉዞውን ያደረግነው በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፥ በሁለቱ መንፈቀ ዓመት ትምህርት መካከል ባለው ዕረፍት ነበር። ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ዛሬ 12ኛ ክፍል ደርሰናል። ስምንት ተማሪዎችና አንድ መምህር ሆነን፥ ወላጆቻችን የስንቅና የመሳፈሪያ ችለውልን፥ ጎሕ ሳይቀድ ከእንጅባራ ተነሣን። ቲሊሊን፥ ቡሬን፥ ፍኖተ ሰላምንና ደብረ ማርቆስን እያለፍን ደጀን ስንደርስ ቀትር ሊሆን ተቃርቦ ነበር። የዓባይን ሸለቆ ስንወርድና ስንወጣ እንዴት እንደ ነበርን መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከመካከላችን ሁለቱ በመስኮት በኩል ብዙ ስለ ተሠቃዩ ስማቸውን አንጠራም። ወደ 450 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ጨርሰን አዲስ አበባ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው።

በማግሥቱ መምህራችን «ዛሬ ሙዝየም እናያለን» ባሉን ጊዜ ሁላችንም ጫማችንን ወለወልን፤ የተሻለ ልብሳችንንም ለበስን። ሙዝየም ሲባል በሐሳባችን የሣልነው መስታወት የለበሰ፥ ደረጃው በእብነ በረድ የተነጠፈ ረዥም ፎቅ ነበር። መካኒሳ በሚባለው ሰፈር ወርደን ወደ ዞማ ሙዝየም ግቢ ስንገባ ግን ያገኘነው ሌላ ነው። በዛፍና በአትክልት መካከል የሚጥመዘመዝ የድንጋይ መንገድ አለ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር የቆሙት ቤቶች ግድግዳቸው ጭቃ ነው። ከመካከላችን አንደኛው ድምፁን ሳይቀንስ «ይኸማ የአያቴ ቤት ነው!» አለ። ሁላችንም ሣቅን። የሣቅነው ግን በእርሱ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ጥቂት አፍረን ነበር። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ጭቃ ለማየት ነውን? አልን።

ይህ ኀፍረት ከየት እንደ መጣ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። በእኛ ሀገር አንድ ሰው ጥቂት ገንዘብ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው ከጭቃ ቤት ስለ መውጣት ነው። ብሎኬት የሠራ ሰው ሠርቶ አደገ ይባላል፤ በጭቃ ቤት የሚኖር ሰው እንግዳ ሲመጣበት «ቤቱ እንዲህ ነው እንግዲህ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። እኛም ከዚህ የተለየ ሐሳብ ይዘን አልሄድንም።

ወደ ግድግዳው ቀረብ ስንል ሣቃችን እየቀነሰ ሄደ። ጭቃው እንዲሁ ተለጥፎ የቀረ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ጎርበጥ ጎርበጥ እያለ በቅርጽ ተሞልቷል። አንዳንዱ እንደ ውኃ ማዕበል ይጥመዘመዛል፤ አንዳንዱ እንደ ጣት አሻራ ዙሪያውን እየዞረ ይሄዳል። ፀሓይ ከጎን ስትመታው ጥላው ከቅርጹ ሥር ይተኛና ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ከእኛ አንዷ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። እኛ ግን «አትንኪ ትባያለሽ!» ብለን ጎተትናት። በኋላ ተራ በተራ ሁላችንም፥ ማንም ሳያየን፥ ዳሰስነው። መምህራችን ይህን ዛሬ ሲሰሙ ይቅርታ እንዲያደርጉልን እንለምናለን።

ሙዝየሙን ያቋቋሙት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጅና የባህል ተመራማሪዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ዞማ በሚል ስም የሥነ ጥበብ ማእከል ያቆሙት በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የመካኒሳው ሙዝየም ለሕዝብ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዞማ የሚለውን ስም ስንሰማ ብዙዎቻችን ያሰብነው ለስላሳና ረዥም ጠጕርን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስሙ በ1979 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነታቸው በካንሰር ሕመም ላረፉት ሠዓሊ ለዞማ ሽፈራው መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ብዙ ሥራ ሳይሠሩ የሞቱ ሰው ስም በአንድ ትልቅ ቤት ላይ እንዲህ ሆኖ መኖሩ ልባችንን ነካው።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንናገር፤ ከወላጆቻችን መካከል ጭቃ ያቦካ እጅ ያላቸው ብዙዎች ናቸውና ይህን ክፍል ከእኛ ይልቅ እናንተ ትፈርዱታላችሁ። ኤልያስና መስከረም በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች እየዞሩ የቀድሞ ሰዎች ቤት እንዴት እንደሚሠሩ ተመልክተዋል። ከዚያም አፈርንና ጭድን በውኃ ለውሰው፥ እንዲቦካ ትተው፥ ከቦካ በኋላ ግድግዳውን ሠሩበት። ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። እኛ ከዚህ ሌላ ምን እናውቃለን? በእኛ ሀገር ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ አፈሩ ይቆፈራል፤ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ውኃ እየተጨመረ በእግር ይረገጣል፤ ቀናት ያድራል፤ ደግሞ ይረገጣል። ሽታው ሲለወጥ «አሁን በስሏል» ይባላል። ከዚያ በማገሩ ላይ ይመረጋል፤ ምርጊቱ ሲደርቅ የተሰነጠቀው እየተደፈነ በልስን ይጨረሳል። እኛ ልጆች ሳለን በዚያ ጭቃ ውስጥ የዘለልነው እንደ ጨዋታ ነው እንጂ እንደ ሕንፃ ጥበብ አልነበረም። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፥ እነርሱ ያንኑ ጭቃ ወስደው ጊዜ ሰጡት። አንድን ግድግዳ ቶሎ ጨርሶ ከዝናብ ለመሸሸግ ብቻ ሳይሆን ዐይን እንዲያርፍበት አድርገው ሠሩት። ከድሮ አዋቂዎች የተማሩትንም የእኛ ፈጠራ ነው ብለው አልደበቁም፤ ይልቁንም የሚኰሩበት በዚህ ነው።

ቦታው ራሱ ቀድሞ ቆሻሻ የሚጣልበትና አፈሩ የተበላሸ እንደ ነበረ ሰማን። ዛሬ ጎመኑ፥ ሰላጣውና ቅመማ ቅመሙ ከአበባው ጋር ተደባልቆ የሚበቅልበት ሆኗል። ላሞችም አሉ። በዚያው ግቢ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለና፥ ልጆቹ በአትክልቱ መካከል ሲሮጡ አየን። እኛ የገበሬ ልጆች ነንና በአትክልት ብዙ አልተደነቅንም፤ ከእኛ አንዱም ላሟን ተመልክቶ «ከእኛዋ አትበልጥም» ብሏል። ነገር ግን ሙዝየም ላምና ጎመን ሊኖረው እንደሚችል ማንም አስቀድሞ አልነገረንም ነበር።

ወደ ሥዕሉ አዳራሽ እንግባ። ሥዕል ስንል እስከዚያ ቀን ድረስ የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ቅዱሳን ሥዕሎች፥ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትንና በየሱቁ በር ላይ የሚሣሉትን ነው። እነዚህ ሁሉ ሲታዩ ምን እንደ ሆኑ ይታወቃሉ። ፈረሱ ፈረስ ነው፤ ጊዮርጊስም ጊዮርጊስ ነው። በዞማ የተሰቀሉት የኤልያስ ስሜ ሥራዎች ግን እንዲህ አልነበሩም።

ከሩቅ ስናያቸው የእንጅባራን አካባቢ ከተራራ ላይ ቆመን የምናይ መሰለን። አረንጓዴው፥ ቢጫውና ቡናማው በክፍል በክፍል ተቆራርጦ የጤፍና የድንች ማሳ ይመስላል፤ በመካከሉም መንገድ የሚመስል ቀጭን መሥመር ይሄዳል። ቀርበን ስናይ ግን ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። ሁሉም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፥ እንደ ሰፌድ የተጠለፈ፥ በጣውላ ላይ በምስማር የተመታ በቀለም በቀለም የተለየ ሽቦ። በሌላው ላይ ደግሞ የኮምፒውተር ፊደል መምቻዎች በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ተደርድረዋል። ከእኛ አንዱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ሲፈልግ ብዙ ቆየና መምህራችን ጎትተው አወጡት። ወንድሙ ዳንግላ ከተማ ስልክ የሚጠግንለት ጓደኛችን በዚያ ቀን ከሁላችን በላይ ዐዋቂ ሆነ፤ «ይህ የስልክ ቦርድ ነው፤ ይህ የሬዲዮ ነው፤ ይህንንስ እኛ ቤት ጥለነዋል» እያለ ያስረዳን ጀመር።

ኤልያስ ስሜ በ1968 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወልደው፥ እዚያው በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በ1990 እ.ኤ.አ. ተመርቀዋል። ቀድሞ በክር እየሰፉ፥ ቁልፍና የጠርሙስ ክዳን እየሰበሰቡ ይሠሩ ነበር። ኋላ ወደ መርካቶ፥ ወደ ምናለሽ ተራ እየሄዱ፥ ከተሰባበረ ኮምፒውተርና ስልክ የወጣውን ሽቦና ቦርድ መግዛት ያዙ። ይህ ዕቃ አብዛኛው በሌላ አህጉር ተሠርቶ፥ በብዙ እጅ አልፎ፥ በመጨረሻ በእኛ ገበያ የደረሰ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ የተጣለው የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ወደ 62 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተቈጥሯል። ከዚህ ጥራጊ የተሠሩት የኤልያስ ሥራዎች ተመልሰው ባሕር ተሻግረዋል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ተነሥቶ እስከ ካናዳ ቶሮንቶ በየሙዝየሙ የዞረ ዐውደ ርእይ ተደርጎላቸዋል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዝየም ሸልሟቸዋል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢጣልያ በቬኒስ በሚደረገው ታላቅ ትርኢት ላይ ሥራቸው ታይቷል። አሮጌው ስልክ እንደ ጥራጊ መጥቶ እንደ ክቡር እንግዳ ተመለሰ ማለት ነው።

ማታ ባረፍንበት ቤት ትልቅ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ይህ ሥዕል አይደለም፤ ሽቦ መጎንጎን ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «እንግዲያው በጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ በፈረሶቹ አንገትና ግንባር ላይ የሚታየው በቀለም ያሸበረቀ ጌጥ ምንድን ነው? እርሱም ክር መጎንጎን ነውን?» ብለው መለሱ። በዓሉ ካለፈ ገና ጥቂት ቀን ስለ ነበር ጌጡ ከሁላችንም ዐይን አልጠፋም። አንደኛው ወገን «ያ ለፈረስ ጌጥ ነው፤ ይህ ግን ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት መልስ አላገኘንም። ዛሬ በፊታችሁ ከቆምነው መካከል ሁለቱ አሁንም አላመኑም፤ ይህንን እንድንናገርም አሳስበውናል።

መምህራችን ክርክሩን ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ ይህ ጠብ አዲስ እንዳልሆነ ነገሩን። በማግሥቱም ወደ ስድስት ኪሎ ወስደው፥ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለውን፥ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዝየም አሳዩን። ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. በሐረር የተወለዱ ናቸው፤ አባታቸው የቤተ ክህነት ሰውና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ነበሩ። ልጃቸው ግን ጀርመን ሀገር በኮሎኝ ከተማ ተምረው፥ ተመልሰውም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማሩ፥ ሰውም ዛፍም የማይታይባቸው፥ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆኑ ሥዕሎች ሣሉ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን ለሕዝብ ባሳዩ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው «ይህ ምንድን ነው? የእኛስ ነው ወይስ የፈረንጅ?» እያለ ተከራከረ። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስደት ዐረፉ። ጀርመን ሀገር የቀሩት ሥዕሎቻቸው ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ዛሬ በስማቸው በተጠራው ቤት ይታያሉ። እኛ ማታ የተናገርነውን አባቶቻችን ከስልሳ ዓመት በፊት ተናግረውት እንደ ነበር ስንሰማ፥ ሥዕሉን ወደድነውም አልወደድነውም፥ አንድ ረዥም ጨዋታ ውስጥ እንደ ገባን ተሰማን። ስለዚህ ሙዝየም ገና ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን የያዝነው የጭቃውን ነገር ስለ ሆነ ወደዚያ እንመለስ።

ወደ እንጅባራ ስንመለስ መጀመሪያ ያየነው በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን የቀርከሃ ወንበሮችና አልጋዎች ነው። በየቀኑ እናያቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ከአውቶቡስ ወርደን የእጅ ሥራውን እያገላበጥን ስናይ ባለ ሱቁ የምንገዛ መስሎት ዋጋ መጥራት ጀመረ። ቀርከሃውን በምን እንደሚሰነጥቀውና እንዴት እንደሚያጎብጠው ብንጠይቀው «ምን ሆናችኋል ልጆች?» አለን።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትምህርት ቤታችን አሮጌ ክፍል የመጣነው።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ ከግቢው በር በስተቀኝ ያለውን የጭቃ ክፍል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በዚያ ተምራችኋል፤ የአንዳንዶቻችሁ አባቶችም በደቦ ወጥተው አፈሩን ረግጠዋል፤ ቀርከሃውንም ተሸክመዋል። ትምህርት ቤታችን የተጀመረው በእርሱ ነው። ዛሬ የተሰበሩ ዴስኮች ይቀመጡበታል። በዚህ በበዓሉ ዓመት ፈርሶ በቦታው የብሎኬት ክፍል እንዲሠራ ሐሳብ እንደ ቀረበ ሰምተናል። ልመናችን ይህ ነው፤ አዲሱ ክፍል በሌላው ጎን ይሠራና አሮጌው ክፍል እንዲቆይልን፥ ታድሶም የተማሪዎች ሥዕልና የእጅ ሥራ የሚታይበት አዳራሽ እንዲሆንልን እንለምናለን። ለክተነዋል፤ ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ወርዱ 6 ሜትር ነው። ለመቶ ሥዕል ይበቃል።

ይህንን ሐሳብ ቀደም ብለን ለአንድ አባት ብንነግራቸው እንዲህ ብለው መለሱልን፤ «ልጆቼ፥ እናንተ ጭቃ ቤት ያማረባችሁ ሙዝየም ውስጥ ስላያችሁት ነው። እኔ በጭቃ ቤት ተወልጄ ቁንጫውንም ፍሳሹንም ዐውቀዋለሁ።» እውነት ተናግረዋል። እኛም የምንኖረው ከመካነ አራዊት ወጥተን አይደለም፤ ቁንጫውን እናውቀዋለን። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፥ ክረምቷ የከበደ ከተማ ናት፤ ጭቃ በዚህ አየር ጠባቂ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም ክፍል ጭቃ ይሁን አንልም። ብሎኬቱም ይምጣ፤ እንማርበታለን። የምንለምነው አንዱ እንዳይጠፋ ብቻ ነው።

ጠባቂ መፈለጉም የሚያሳፍር አይደለም። በማሊ ሀገር በጄኔ ከተማ በ1907 እ.ኤ.አ. የታነጸ ታላቅ የጭቃ መስጊድ አለ። የከተማው ሕዝብ፥ ሽማግሌውም ሕፃኑም፥ በየዓመቱ ተሰብስቦ ይመርገዋል፤ የምርጊቱ ቀን ለእነርሱ በዓል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው ጭቃው እንደ ድንጋይ ስለ ጸና አይደለም፤ ሰዎቹ በየዓመቱ ስለሚመጡ ነው። እኛ ከ600 በላይ ተማሪዎች ነን። በዓመት አንድ ቅዳሜ አንድ ክፍል መምረግ ያቅተናልን?

ደግሞም ስለ ትምህርት ቤት ካነሣን በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በሚባል መንደር ያለውን ልንነግራችሁ እንወዳለን። የመንደሩ ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ ጀርመን ሀገር የሕንፃ ጥበብ ሲማሩ ለመንደራቸው ትምህርት ቤት በሸክላ አፈር ልሥራ ቢሉ፥ ወላጆች «አፈር በዝናብ ይፈርሳል፤ ፈረንጅ ሀገር ተምረህ መጥተህ አፈር ታመጣልናለህ?» የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ኬሬ አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር በጡብ ቅርጽ ጨምቀው፥ ቆርቆሮውን ከግድግዳው ከፍ አድርገው ነፋስ እንዲያልፍበት አደረጉ፤ ወላጆችም ራሳቸው ወጥተው ሠሩ። ትምህርት ቤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ተጨረሰ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኬሬ ለሕንፃ ጥበብ የሚሰጠውን የፕሪትዝከር ሽልማት ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነው ተቀበሉ።

አሁን ደግሞ ወሬ ብቻ ይዘን እንዳልመጣን እንናገር። ካለፈው ዓመት መጋቢት ጀምሮ ከመጸዳጃ ቤቱ በስተጀርባ ባለው አጥር ላይ የሙከራ ግድግዳ ሠርተናል። የመጀመሪያው በአራት ቀን ውስጥ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጠቀ፤ ግማሹም ወደቀ። ከመካከላችን የአንደኛዋ አያት መጥተው አዩትና «ማን አስተማራችሁ?» አሉ። ሙዝየም እንደ ሆነ ብንነግራቸው ብዙ ሣቁ። ጭዱ ማነሱን፥ ጭቃውም ሳያድር መመረጉን በአንድ ጊዜ ዐወቁት። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እየመጡ፥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፥ በከዘራቸው እያሳዩ ያሠሩን ጀመር። ጭቃውን አሥር ቀን አሳደርነው፤ ሦስት ጊዜ ረገጥነው። እጃችን ላይ የቀረው ሽታ በክፍል ውስጥ ከጎናችን የሚቀመጡትን ጓደኞቻችንን አስቸግሯልና እዚህ ላይ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛው ግድግዳ በግንቦት አለቀ። በላዩም እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅርጽ አወጣንበት፤ አንዱ የፈረስ ልጓም፥ አንዷ የዘንገናን ሐይቅ ክብ፥ አንዱ ደግሞ ስልክ። ያ ስልክ ስልክ አይመስልም፤ ነገር ግን ሠሪው ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ነው ብሎ ይከራከራል። ክረምቱ ገባ፤ ዘነበ፤ ወጣ። ግድግዳው ቆሟል። ከታች በኩል ከመሬት የሚረጨው ውኃ አንድ ስንዝር ያህል በልቶታል፤ ይህንን አንደብቅም። አያታችን ከሥሩ ድንጋይ መደርደር እንዳለበት ቀድመው ነግረውን ነበር፤ እኛ ግን ክረምት ሳይገባብን ለመጨረስ ቸኩለን ተውነው። አሮጌው ክፍል ግን ከሥሩ ድንጋይ አለው። አባቶቻችን አልቸኰሉም ነበር።

የሥራው ኮሚቴ በሚመጣው ወር ተሰብስቦ እንደሚወስን ተነግሮናል። ከመወሰናችሁ በፊት፥ ዛሬ ከምሳ በኋላ፥ ከመጸዳጃ ቤቱ በስተጀርባ ያለውን ግድግዳችንን መጥታችሁ እንድታዩልን፥ መዳሰስ የሚወድም ሳይፈራ እንዲዳስስ እንጋብዛለን። አያታችንም እነሆ በሦስተኛው ረድፍ ነጭ ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ስለ ጭቃው ጥያቄ ያለው ሰው እኛን ሳይሆን እሳቸውን ይጠይቅ።